የኻላ ሸሪፋ ግድግዳ

ጉድ እኮ ነው! ከጎጆ ሸሽቼ ባሕር ተሻግሬ፣ የመን በረሃ ላይ ውኃ ጥም ሊደፋኝ ደርሶ፣ ሳዑዲ፣ ጂዛን ስገባ ያገኘሁት ሥራ ጎጆ ማደስ ሆነ። ያውም የሀብታም ጎጆ። አቡ ዓሪሽ ውስጥ፣ ከአሮጌው ገበያ ጀርባ፣ በብሎኬት ቪላዎች መሀል አንድ ትልቅ የሣር ቤት ቆሞ ነበር። እነሱ ዑሻ ይሉታል። ክብ ነው፤ ሣሩ እስከ መሬት ሊደርስ ምንም አይቀረው፤ ከላይ እስከ ታች በገመድ ተጠፍሯል። ምሶሶ የሚባል ነገር የለውም። መጀመሪያ ቀን ገብቼ ወደ ላይ ሳንጋጥጥ «ይሄ ምን ይዞት ነው የቆመው?» ብዬ ወደ በሩ ተመለስሁ። አብሮኝ የነበረው ሀፍቶም እስኪበቃው ሳቀብኝ።

ባለቤቱ ያሕያ ይባላል፤ የመንግሥት መሐንዲስ ነው። ቤቱ የእናቱ ወላጆች ቤት ነበር። ዘመዶቹ ይፍረስና ቪላ እንሥራበት ሲሉ አሻፈረኝ አለ። «ከነታሪኩ እኖርበታለሁ» አላቸው። ከነታሪኩ ማለት ግን ከነሙከይፉ ነው፤ ሙከይፍ የሚሉት ያንን ቀዝቃዛ አየር የሚተፋውን መኪና ነው። የመስታወት በር ይገባለታል፣ ከኋላው መታጠቢያ ቤትና ኩሽና ይቀጠልለታል፣ የመብራቱ ሽቦ ጭቃው ሥር ይቀበራል። ከውጭ ላየው የአያቶች ቤት፣ ከውስጥ ሆቴል። እኔ በልቤ ስቄያለሁ። ገንዘብ ሲበዛ ሰው ድህነት ይናፍቀዋል ማለት ነው ብዬ ነበር፤ ምን አውቄ!

እኔ ረጀብ እባላለሁ፤ የወረባቦ ሰው ነኝ። አባቴ ጭቃ መራጊ ነበር፣ እኔም ጭቃ መራጊ ነኝ፤ አገሬ ላይ «ረጀብ የመረገው ቤት ትኋን አያስገባም» ይባልልኝ ነበር። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅ። ሀፍቶምም እንደኔው ነው፤ የተምቤን ልጅ ነው፣ እንጨትና ገመድ የሚያውቅ፣ አፉ የማያርፍ ሰው። ሦስተኛዋ ባለቤቴ ሙኒራ ናት። ሳምጣ ውስጥ አንድ ቤት ሁለት ዓመት ሠርታ፣ ሲበዛባት አምልጣ ወጥታ ነው የተገናኘነው። ኒካሕ ያሰርነው በአንድ የቃሉ ሽማግሌ ፊት ነው። ወደዚያ ቤት ስንመጣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ያሕያ ግቢው ጥግ ያለውን ዕቃ ቤት ለቀቀልን፤ እሷም ምግብ እያበሰለች ትደግፈን ነበር።

ጊዜው ክፉ ነበር። አረፋ ካለፈ በኋላ ሰው ሁሉ የሚያወራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንግሥት ወረቀት ለሌለው የሰጠው የምሕረት ጊዜ በጥቅምት መጨረሻ ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ወረቀት የሌለው ሁሉ ይለቀማል፣ ያስጠለለም ይቀጣል። ጠንካራው ጫካ ይገባል፣ እርሻ ውስጥ ይደበቃል። ሆዷ የገፋ ሴት ግን የት ትገባለች? የተያዙት በሚታጎሩበት ማቆያ አዳራሽ ሲሚንቶ ላይ ስለወለዱ ሴቶች ወሬው ይደርሰን ነበር። ሙኒራ እየሰማች ለሕፃኑ የሚሆን ጨርቅ ታጥፋለች። እኔ ደግሞ ከእንግዲህ ገንዘብም አልፈለግሁ፣ ኢቃማም አልፈለግሁ። ሙኒራ በጣራ ሥር በሰላም እንድትወልድልኝ ብቻ ነበር የምለምነው።

አላህ ሰማኝ አልሁ፤ የያሕያ እናት መጣች።

ኻላ ሸሪፋ እንላታለን፤ ኻላ በነሱ አክስት እንደ ማለት ነው። ሰማንያውን ያለፈች ይመስለኛል። ዓይኗ በጣም ደክሟል፣ ምላሷ ግን ስለት ነው። በትሯን እያንኳኳች ገብታ ሙኒራን እጇን ይዛ «ስንት ወርሽ ነው?» አለቻት። «ሰባት፣ ኻላ» አለች ሙኒራ። አሮጊቷ ሆዷን ዳበሰችና ወደ ልጇ ዞረች።

«ሹፍ ያ ያሕያ፣ ስማኝ» አለችው፤ «ይቺ ልጅ እዚህ ትወልዳለች። አርባ ቀኗንም እዚሁ ትጨርሳለች። ከዚያ በፊት የሚነካት ካለ እኔን ይንካ።»

ያሕያ የእናቱን ግንባር ስሞ «እሺ እናቴ» አለ። ትልቅ ሰው ነው፤ ከመኪናው ሲወርድ ሰው ሁሉ ይሰግድለታል፤ በእናቱ ፊት ግን ድምፁም ይቀንሳል። እኔ ያን ቀን ከጣራው ሥር ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ሀፍቶም እንኳ ሊያላግጥብኝ አልደፈረም።

ከዚያ ወዲህ ኻላ ሸሪፋ ሰኞና ሐሙስ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ትመጣለች። እሷ ስትመጣ ወንዶቹ እንወጣለን፤ የአገሩ ወግ ነው። ውስጥ ከሙኒራ ጋር ብቻዋን ትቆያለች። ምን እንደምትሠራ እኔ አላየሁም። ሙኒራ «ግድግዳውን ትዳብሳለች፣ ዓይኗ ስለማያይ መሰለኝ» ትለኝ ነበር። ስትወጣ ፊቷ በራ ብሎ ነው የምትወጣው። ያሕያንም ሁልጊዜ በሩ ላይ «ልጅቷ በላች? ጠጣች?» ብላ ሳትጠይቀው አትሄድም። እሱም ይመልስላታል። ጠያቂ ያለበት ሰው ይጠነቀቃል፤ የኛ መከታ እሷ ነበረች።

ጥቅምት አለቀ። አፈሳው ተጀመረ። ሀፍቶም አንድ ጠዋት ጣራውን አስሮ ጨርሶ፣ ገመዱን ጠቅልሎ መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ባይሽ የሚባል አገር አንድ እርሻ አለ» አለኝ፤ «ባለቤቱ ፍየል ጠባቂ ይፈልጋል፣ ይደብቃል። በእግር ሁለት ሌሊት ነው። ሙኒራ አትችልም፣ አውቃለሁ።»

«አትችልም» አልሁት።

«እንግዲያው ስማኝ ወንድሜ። ሥራህን አዝግም። ሽንቁሩን ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን። ይሄ ቤት ያለቀ ቀን አንተም አለቅህ። ደግሞ እንዳትመጻደቅ! አንተን አውቅሃለሁ፣ ጭቃ ስታይ ራስህን ትስታለህ።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። በማግስቱ ሄደ።

የተምቤን ሰው እውነቱን ነው የነገረኝ። እኔ ግን ጆሮ የለኝ! እስኪ ስለ ግድግዳው ልንገራችሁ፤ ያለዚያ አትረዱኝም።

የዑሻው ውስጡ ዙሪያውን በጭቃ የተመረገ ነው። የላይኛው ለስላሳ ሆኖ ቀይና አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው፤ እሱን አልነካሁትም። ከወለሉ እስከ ሰው ደረት ድረስ ያለው ግን የጣት ፈለግ ብቻ ነው። አራት ጣት ጎን ለጎን እየተጎተተ፣ በቅስት በቅስት፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየወጣ ቤቱን ይዞረዋል። ያሕያ ያዘዘኝ ስንጥቁን እንድደፍንና ሽቦ የተቀበረበትን እንድመልስ ነበር፤ ሌላውን ተወው ብሎኛል።

እኛ አገር እንዲህ ያለ ግድግዳ ያለቀ ግድግዳ አይባልም። የመጀመሪያው ጭቃ ሲመረግ በጣት ይጫራል፤ ለምን? ሁለተኛው እንዲይዝ። በላዩ ላይ ልስኑ ይመጣል፣ ከዚያ ቤት ተባለ። ጣት እየታየ የተተወ ግድግዳ ግን ወይ ሰነፍ የሠራው ነው፣ ወይ ባለቤቱ ሲቸግረው የተወው። የሠርግ ዕለት እንግዳ ገብቶ ካየው «ጭቃ አለቀባችሁ እንዴ?» ብሎ ያሾፋል። አባቴ እንዲህ ያለ ግድግዳ ካየ ባለቤቱን ሳይጠይቅ እጅጌውን ይጠቀልል ነበር። እኔም በየቀኑ ያን ጣት እያየሁ እጄን ይበላኛል። ምስኪኖች፣ እላለሁ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ልስን ሳይደርሰው የቀረ ቤት! የመረገው ሰው ማን ይሁን ማን፣ ወይ ታሟል ወይ ሞቷል እንጂ መቼም እንዲህ አይተወውም።

በዚያ ላይ ያሕያ መለወጥ ጀምሮ ነበር። ሚስቱ ፈርታለች አሉ። ጎረቤት አንዱ ሐበሻ አስጠልሎ ተቀጥቷል። ያሕያ ሲመጣ «ስንት ቀን ቀረህ?» ይለኛል፤ ወደ ሙኒራ ሆድ አያይም። እኔም አሰብሁ፤ ያልታዘዝሁትን ጨምሬ፣ ዓይን የሚያስፈዝዝ ልስን ሠርቼ ባሳያቸው፣ ኻላ ሸሪፋም በእጇ ዳብሳ «ይሄን የመሰለ ሠራተኛ ማን ያባርራል» ብትል፣ የሙኒራ ነገር ይጸናል። እንዲህ ነው ያሰብሁት። ወላሂ በክፋት አይደለም።

ለሙኒራ ነገርኋት።

«ያልታዘዝከውን አትንካ» አለችኝ።

«አንቺ ደግሞ! የጭቃ ነገር ለኔ ተዪልኝ።»

«ረጀብ፣ ሰው ቤት ነው። ተወው።»

«ዝም በይና እዪ።»

ያሕያ ለሥራ ጂዛን ከተማ የሄደ ሰሞን ነበር። ጭቃውን ቀደም ብዬ በደቃቅ ጭድ አቡክቼ፣ እየረገጥሁ፣ እስኪሸት አሳድሬዋለሁ፤ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ማክሰኞ አሮጌውን ግድግዳ በውኃ አራስሁት፣ አዲሱ እንዲጨብጥ በምስማር ነቃቀስሁት። ረቡዕ ለሰንሁት። በመዳፌ፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ በጠጠር አሸሁት። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ግድግዳ ሠርቼ አላውቅም። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኛል። ከየመን ከተሻገርሁ ጀምሮ ሰው የሆንሁት ያን ቀን ነው።

ሐሙስ ኻላ ሸሪፋ መጣች። እኔ ወጥቼ ከበሩ ውጭ ቆምሁ። ፊቴን ታጥቤ፣ ሸሚዜን ቀይሬ ነበር፤ ልትመርቀኝ ትጠራኛለች ብዬ! አንድ ጊዜ በትሯ መሬት ሲመታ ሰማሁ። ከዚያ እጇ ጭቃው ላይ ሲሄድ፣ ሸርተት ሲል፣ ሲዞር፣ ሲፈጥን ይሰማኛል። ቤቱን ዙሪያውን ዞረችው። ከዚያ ሙኒራ ወጣች፤ ፊቷ አመድ ሆኗል።

«ምን አደረግህ?» አለችኝ በሹክሹክታ፤ «ምን አደረግህ አንተ ሰው?»

ኻላ ሸሪፋ ተከትላት ወጣች። እጇ በጭቃ ተለውሷል። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ምነው በጮኸች! ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ በደካማ ድምፅ፣ ልጅ እንደምታናግር፣ «ልጄ፣ እናቴን የት አደረግሃት?» አለችኝ።

አልገባኝም። ያስረዳኝ ማታ የመጣው ያሕያ ነው። በዚህ አገር ዑሻውን ከውስጥ የሚመርጉት ሴቶች ናቸው፤ ጣታቸውን እንደዚያ የሚተዉትም ለወግ፣ ለጌጥ ነው። ያን ግድግዳ የመረገችው የኻላ ሸሪፋ እናት ናት፤ ሸሪፋን በዳረች ዓመት መርጋው በዓመቱ ሞተች። ፎቶ የላት፣ መቃብሯንም ጎርፍ ወስዶታል። የቀረችው ግድግዳው ላይ ነው። አሮጊቷ ሰኞና ሐሙስ እየመጣች፣ አራት ጣቷን በእናቷ ጣት ፈለግ ውስጥ አግብታ፣ ቤቱን እየዞረች ሰላም ትላት ነበር። ያሕያም ቤቱ አይፈርስም ያለው ለዚሁ ነው እንጂ ለሱማ ቪላው ይሻለው ነበር።

«አልነገርኸኝም!» አልሁት።

«ተወው ብዬሃለሁ» አለ። ልክ ነው፤ ብሎኛል።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ገባሁ። ልስኑን ልልጠው ሞከርሁ። በእርጥብ ጨርቅ፣ በጥፍሬ፣ በማንኪያ። ሌላ ሰው ለስኖት ቢሆን ኖሮ ይለቅ ነበር፤ ይረግፍ ነበር። እኔ ግን አርሼ፣ ነቃቅሼ ነው የለሰንሁት። አንዱ ካንዱ ተጋብቷል። ብልጠው የሚወጣው ሁለቱም ባንድ ላይ ነው። አንድ ክንድ ያህል ከላጥሁ በኋላ ከሥሩ ማገሩ ብቅ አለ። ቁጭ ብዬ ራሴን በጥፊ መታሁት። ምናለ ትንሽ ሰነፍ ብሆን! ምናለ አባቴ ይሄን ሙያ ባያስተምረኝ!

ሙኒራ ከኋላዬ ቆማ አየችኝ። ሌላ ሴት ብትሆን «አላልሁህም ነበር?» ትል ነበር። እሷ ሻይ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችና ወጣች።

ሰኞ ኻላ ሸሪፋ አልመጣችም። ሐሙስም አልመጣችም። ሙኒራ በየዐስሩ በሩ ላይ ትቆማለች፣ የበትር ድምፅ ትጠብቃለች። በሦስተኛው ሳምንት ያሕያን ለመንሁት፤ እግሯ ሥር ወድቄ ይቅርታ ልበላት አልሁት።

«ስለዚያ ቤት አታንሱብኝ ብላለች» አለ።

«ስለ ሙኒራስ ምን አለች?»

«አልጠየቅኋትም።»

ይኸው ነው። በሩ ላይ ቆሞ «ልጅቷ በላች?» የሚለው ሰው ቀረ። ያሕያ ክፉ አልነበረም፤ አላህ ይየው፣ ጨካኝ ብዬ ብረግመው ይቀለኝ ነበር። የሚጠይቀው ከሌለ ግን የሚሰማው ሚስቱን ነው። ሚስቱ መጥታ ቤቱን አየች፤ የላጥሁትንም መልሼ ደፍኜው ነበርና ልስኑን ወደደችው። «አሁን ገና ንጹሕ ቤት ሆነ» ብላ በመዳፏ አሸችው። በበነጋው ያሕያ ታክሲ ይዞ መጣ። ሂሳቤን እስከ መጨረሻው ሰጠኝ፣ ለታክሲውም ከፈለ።

«ባይሽ ጓደኛህ ጋ ይወስዳችኋል» አለኝ። «ኸላስ ረጀብ፤ ቤቱ አልቋል። እኔም ቤተሰብ አለኝ።»

«ሁለት ሳምንት ያሕያ! ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የቀራት!»

የታክሲውን በር ከፈተልኝ። ሙኒራ አባያዋን ለብሳ ወጣች። በሩ ላይ ቆም ብላ ወደ ኻላ ሸሪፋ ቤት አቅጣጫ ዞር አለች፤ ከዚያ ሆዷን ይዛ ገባች። ከአቡ ዓሪሽ ገና እንደወጣን ኬላ ላይ አስቆሙን። ወታደሩ መስታወቱን በጣቱ አንኳኳ፣ «ኢቃማ» አለ። ባለ ታክሲው «አላውቃቸውም» አለ፤ ፈሪ ነው፣ አልፈርድበትም። እኔን ከወንዶቹ፣ እሷን ከሴቶቹ አድርገው በሁለት መኪና ወሰዱን። ስንለያይ «ፌስታሌን ስጠኝ» አለችኝ፤ ለሕፃኑ ያዘጋጀችው ጨርቅ እሱ ውስጥ ነበር። ሰጠኋት።

አሥራ አንድ ቀን ታሰርሁ። የሴቶቹ አዳራሽ ከግንብ ወዲያ ነው። ልጅ ሲያለቅስ በሰማሁ ቁጥር ተነስቼ እቆማለሁ፤ ስንት ልጅ እዚያ እንዳለ እያወቅሁ፣ ሁሉም የኔ ይመስለኛል። አብረውኝ የታሰሩት «አብሽር፣ ትወልዳለች፣ ሴት ልጅ ብረት ናት» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን የማወራው ሌላ ነው። ስለ ግድግዳው ለሁሉም ነገርኋቸው። ለአንዱ ጨርሼ ለሌላው እጀምራለሁ። አንዱ አርሲ «አቦ አንተ ሰውዬ፣ ግድግዳህን ተወን!» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስማችንን ጠርተው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ወሰዱን። የሴቶቹ አውቶቡስ ከኛ ጎን ቆመ። ሙኒራ ወረደች። ፌስታሉን ይዛለች። ሌላው እጇ ባዶ ነው። ሆዷ የለም።

ሮጬ ሄድሁ፤ ወታደሩም ተወኝ።

«መች?» አልኋት።

«በገባን በሦስተኛው ቀን። ሴት ነበረች።»

«ተነፈሰች?»

«እስከ ዙህር ድረስ።»

«የት ቀበሯት?»

«ወረቀት ላይ በአውራ ጣቴ አስፈረሙኝና ወሰዷት። የት እንደሆነ የነገረኝ የለም።»

መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። አፌ ደግሞ ዝም አይልም! «ያን ግድግዳ ባልነካው ኖሮ» አልሁ፤ «ኻላ ሸሪፋ እኮ አትለቅሽም ነበር፣ ስለ ጣቱ አንድ ቃል የነገረኝ ቢኖር፣ ያሕያም ቢሆን…» እያልሁ ቀጠልሁ። ሙኒራ ከላይ ሆና አየችኝ። እንዲያ አይታኝ አታውቅም።

«ረጀብ» አለችኝ፤ «አሁን ስለ ግድግዳ ታወራኛለህ?»

ከመሬት ተነሳሁ። አውሮፕላኑ ውስጥ አልተነጋገርንም። አዲስ አበባም፣ ወደ ደሴ በሚሄደው መኪናም አልተነጋገርንም።

አገር ከገባን በአራተኛው ወር፣ ጎረቤታችን ዓለሚቱ ወለደችና ሙኒራ ልትጠይቃት ሄደች። ስትመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ ማንንም ሳታይ፣ «እኔም ለልጄ ስም አውጥቼላት ነበር» አለች።

ቀስ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«ማን ብለሽ?» አልኋት።

«እኔና እሷ እናውቀዋለን» አለችኝ፤ ተነስታም ወደ ውስጥ ገባች።